የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በላቦራቶሪ ውስጥ እንዴት ይበስላሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሽታን የሚከላከሉ ሕዋሳትን ከሰው ደም ለይቶ በሳህን ውስጥ ማሳደግ ዛሬ በብዙ የምርምር ላቦራቶሪዎች የዘወትር ሥራ ነው። ወደ ሙያው አዲስ የሚገቡ ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ስለ ካንሰር ሕክምና ሲያነቡ ጉዳዩ ላይ የደረሱ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። አብዛኛው መልስ የሚያተኩረው ሞኖሳይት በሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ላይ ነው። ከተራ የደም ናሙና ይገኛል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም ዓይናችን እያየ ወደ ሌላ ሕዋስ ይለወጣል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድ የመከላከያ ሕዋስ በሰለ የሚባለው መቼ ነው?

ቀን ስለቆጠረ አይደለም። ኢንኩቤተር በሚባለው ሙቀት ጠባቂ ሳጥን ውስጥ ስላሳደርነው ብቻ እንደ ሊጥ የሚቦካ ሕዋስ የለም። ሕዋስ የሚበስለው ምልክት ሲደርሰው ነው፤ ምልክቱ ካልደረሰው ባለበት ይቆያል ወይም ይሞታል።

ጉዞው ሁለት እርከን አለው። በመጀመሪያው እርከን ሕዋሱ ማንነቱን ይይዛል፤ ሞኖሳይት የነበረው ጀርም ዋጭ የሆነው ማክሮፌጅ ወይም ዴንድሪቲክ ሕዋስ ይሆናል። በሁለተኛው እርከን ለሥራ ይዘጋጃል። ያልበሰለ ዴንድሪቲክ ሕዋስ ሥራው መዋጥ ነው፤ በዙሪያው ያገኘውን ፕሮቲን፣ የባክቴሪያ ቁራጭና የሞተ ሕዋስ ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል። የአደጋ ምልክት ሲደርሰው ግን መዋጡን ይቀንስና ያስገባውን ሰባብሮ ቁርጥራጩን በገጹ ላይ ያወጣል። ከዚያ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ተጉዞ የያዘውን ቲ ሴሎች ለሚባሉት ተዋጊ ነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያል። በሰለ የምንለው ይህን ማድረግ የቻለውን ነው።

በሰውነት ውስጥ ምልክቱን የሚሰጡት አጎራባች ሕዋሳትና ወራሪው ጀርም ናቸው። በሳህን ውስጥ የምንሰጠው እኛ ነን። በዚህ ገጽ ላይ የሚነሳው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሕዋሱ አስበን የሰጠነውንም ሳናውቅ የሰጠነውንም እኩል ይሰማል።

ሕዋሳቱ የሚገኙት ከየት ነው? የግድ ከአጥንት መቅኔ መቅዳት ያስፈልጋል?

ለአይጥ ጥናት አዎ፤ ከጭን አጥንት የሚወጣው መቅኔ የተለመደ መነሻ ነው። ለሰው ግን ከክንድ የተቀዳ ደም ወይም ከደም ባንክ የተገኘ የነጭ ሕዋሳት ተረፈ ምርት ይበቃል።

ደሙ በጨዋማ ፈሳሽ ከቀጠነ በኋላ ጥግግቱ በሚሊሊትር 1.077 ግራም በሆነው፣ ፊኮል በተባለው መለያ ፈሳሽ ላይ ቀስ ተብሎ ይደረባል። ሁለቱ ፈሳሾች መደባለቅ የለባቸውም፤ ስለዚህ ቱቦው ዘንበል ይልና ደሙ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከዚያ የስበት ኃይልን 400 ጊዜ በሚያህል ፍጥነት ለ30 ደቂቃ ገደማ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። የሴንትሪፊውጁ ፍሬን መጥፋት አለበት። ፍሬኑ ከሠራ የተለያየው ንብርብር በመጨረሻዋ ደቂቃ ይናወጥና የግማሽ ሰዓቱ ሥራ ከንቱ ይሆናል። ሁሉም በደንብ ከሄደ ቀይ ሕዋሳት ታች ዘቅጠው፣ ፕላዝማው ላይ ሰፍፎ፣ በመሃል ነጣ ያለ ደመናማ ቀለበት ይታያል። የምንፈልጋቸው ሊምፎሳይቶችና ሞኖሳይቶች እዚያ ቀለበት ውስጥ ናቸው። ኖርዌጂያዊው አርነ ቦዩም በ1968 ያሳተመው ይህ የመለየት ዘዴ እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም።

ሞኖሳይቶቹን ከሊምፎሳይቶቹ ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። ገንዘብ ያለው ሲዲ14 የተባለውን የሞኖሳይት ምልክት የሚይዙ የማግኔት ቅንጣቶችን ይገዛል። ገንዘብ የሌለው ሕዋሳቱን በፕላስቲክ ሳህን ላይ ለአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በ37 ዲግሪ ያስቀምጣል፤ ሞኖሳይት ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፣ ሊምፎሳይት ግን አብዛኛው ታጥቦ ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ንጽሕናው ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም አይናቅም።

ሞኖሳይት ወደ ዴንድሪቲክ ሕዋስ ሲለወጥ በየቀኑ ምን ይታያል?

ዛሬ በየቦታው የሚሠራበት ዘዴ የተስፋፋው ፌደሪካ ሳሉስቶ እና አንቶኒዮ ላንዛቬኪያ በ1994 ካሳተሙት ሥራ በኋላ ነው። ሁለት ፕሮቲኖች ይበቃሉ፤ ጂኤም-ሲኤስኤፍ እና ኢንተርሊውኪን-4። መጠኑ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ቢለያይም የመጀመሪያው በሚሊሊትር ከ50 እስከ 100 ናኖግራም፣ ሁለተኛው ከ20 እስከ 50 ናኖግራም መሆኑ የተለመደ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በማይክሮስኮፕ የሚታየው ክብ፣ ትንሽ፣ የሳህኑን ወለል የሙጥኝ ያለ ሕዋስ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሕዋሳቱ ከወለሉ እየተላቀቁ መንሳፈፍና መሰባሰብ ይጀምራሉ። ብዙ ጀማሪ በዚህ ሰዓት «ሞቱብኝ» ብሎ ይደነግጣል። አልሞቱም፤ ይልቁንም መንገዳቸውን የያዙት እነዚህ ናቸው። ማሳደጊያ ፈሳሹን፣ በሙያው አጠራር ሚዲያውን፣ ለመቀየር ብሎ ተንሳፋፊውን የደፋ ሰው ዋናውን ምርት ደፋ ማለት ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ገደማ የሚወሰደው ግማሹ ብቻ ነው፤ ሴንትሪፊውጅ ተደርጎ ሕዋሳቱ ይመለሳሉ፣ የጎደለው አዲስ ፕሮቲን በያዘ ፈሳሽ ይተካል።

አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቀን ላይ ሕዋሱ ሲዲ14ን ጥሎ ሲዲ1ኤ የተባለውን ምልክት ያወጣል። አሁን ዴንድሪቲክ ሕዋስ ሆኗል፣ ግን አልበሰለም። ዝም ብለን ብንተወው እንዲሁ ይቆያል። የሚያበስለው የአደጋ ምልክት ነው። አንዳንዱ ኤልፒኤስ የተባለውን የባክቴሪያ ግድግዳ ክፍል ይጨምራል። ለሕክምና የሚያዘጋጁ ሰዎች ደግሞ ከባክቴሪያ የመጣ ነገር ወደ በሽተኛ እንዳይገባ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊውኪን-1ቤታ፣ ኢንተርሊውኪን-6 እና ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የያዘ ቅልቅል ይመርጣሉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሕዋሱ ረጃጅም ክንዶችና ስስ፣ የሚርገበገብ ጠርዝ ያወጣል። ክንዶቹ ሲንቀሳቀሱ በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል፤ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ያው ሞኖሳይት ማክሮፌጅ የሚሆነው በምንድን ነው?

የሚሰጠው ፕሮቲን ሲለወጥ። ኤም-ሲኤስኤፍ ተሰጥቶት ስድስት ወይም ሰባት ቀን የቆየ ሞኖሳይት ተንሰራፍቶ ሳህኑ ላይ ይጣበቃል፣ ይተልቃል፣ ማክሮፌጅ ይሆናል። ለመልቀቅም ያስቸግራል፤ በኃይል የሚፍቀው ሰው ሬሳ ይሰበስባል። በረዶ ላይ በቀዘቀዘ፣ ካልሲየም በሌለው ፈሳሽ ማላቀቅ ይሻላል።

መብሰሉ በምን ይታወቃል? በዓይን ማየት አይበቃም?

አይበቃም። መልክ ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የኤችአይቪ ክትትል የሚያደርጉ ወገኖቻችን «ሲዲ4 ቆጠራ» የሚለውን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። እዚህም የሚሠራበት ያው የስያሜ ሥርዓት ነው፤ ሲዲ4 የአንድ ቲ ሴል ዓይነት መለያ እንደሆነ ሁሉ ሲዲ14 የሞኖሳይት፣ ሲዲ83 ደግሞ የበሰለ ዴንድሪቲክ ሕዋስ መለያ ነው። መሣሪያውም ያው ነው። ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባለው ማሽን በቀለም የተለጠፉ ሕዋሳትን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ የትኛው ምን ምልክት እንደያዘ ይቆጥራል። የበሰለው ሕዋስ ሲዲ83፣ ሲዲ80 እና ሲዲ86 ከፍ ይሉበታል፤ ኤችኤልኤ-ዲአር የተባለው ማሳያ ሞለኪውልም ይጨምራል፤ ወደ ሊምፍ ዕጢ የሚመራው ሲሲአር7 ይወጣል።

ይህም ሆኖ ልብሱን የለበሰ ሁሉ ሥራውን ይችላል ማለት አይደለም። ዋናው ፈተና የተግባር ፈተና ነው። ከሌላ ሰው ደም የተወሰዱ ቲ ሴሎች አጠገቡ ሲቀመጡ እንዲባዙ ያደርጋል? በትክክል የበሰለ ከሆነ በጥቂት ቁጥር ብዙ ቲ ሴል ያነሳሳል። በቀለም የተለጠፈ ዴክስትራን የተባለ ስኳር ቢሰጠውስ? ያልበሰለው በስስት ይውጠዋል፤ የበሰለው እምብዛም አይነካውም። ጽሑፍ ስገመግም ሦስት የገጽ ምልክት ብቻ ተለክቶ «በስሏል» የሚል ድምዳሜ ካየሁ ብዕሬን አነሳለሁ።

ምንም የአደጋ ምልክት ሳልጨምርበት በራሱ በሰለ። ምን ሆኖ ነው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚመጣው ይህ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ «ጨምረኸዋል፣ አላወቅህም» ነው።

ቀዳሚው ተጠርጣሪ ኢንዶቶክሲን ነው፤ ይኸውም ከላይ ሆን ተብሎ ይጨመራል ያልነው ኤልፒኤስ ሳይጠራ ሲመጣ ማለት ነው። ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ሲሞቱ ግድግዳቸው ይበታተንና ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ሞኖሳይት በሚሊሊትር ከአንድ ናኖግራም በታች የሆነ መጠን እንኳ ይሰማዋል። አስቸጋሪው ነገር ባክቴሪያውን የሚገድል ማምከኛ ኤልፒኤስን አያጠፋውም። በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ የተደረገ፣ ማለትም በግፊት እንፋሎት የመከነ ውኃ ሕያው ባክቴሪያ የለበትም፤ ኤልፒኤስ ግን ሊኖርበት ይችላል። የመስታወት ዕቃን ከዚህ ለማጽዳት በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ምንጩ ውኃው፣ ሴረሙ ወይም ራሱ ሕዋሱን ያሳደግንበት ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ የምንገዛቸው ሳይቶካይኖች፣ ማለትም እንደ ኢንተርሊውኪን-4 ያሉ ምልክት ሰጪ ፕሮቲኖች፣ የሚመረቱት ኢ. ኮላይ ውስጥ መሆኑን ስንቱ ያስታውሳል? አምራቹ አጥርቶ ካልሸጠ ኢንተርሊውኪን-4 ብለን የጨመርነው ነገር የአደጋ ደወል ይዞ ይገባል። መኖሩን ለማወቅ የሚሠራበት ጥንታዊው ምርመራ ከሊሙለስ የተገኘ ነው፤ ሰማያዊ ደም ያለው ይህ የባሕር እንስሳ ደሙ ኤልፒኤስ ሲነካው ይረጋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማይኮፕላዝማ የተባለው እጅግ ትንሽ ባክቴሪያ ነው፤ እኔ ከኢንዶቶክሲን ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። ሌላ ባክቴሪያ ሲገባ ፈሳሹ ይደፈርሳል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ሰው ያየዋል። ማይኮፕላዝማ ፈሳሹን ጥርት አድርጎ እያሳየ ለወራት ይኖራል። የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ 0.2 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ማጣሪያም ያልፋል። በየጊዜው የጀርሙን ዲኤንኤ በሚፈልገው ፒሲአር መመርመር ብቻ ነው መፍትሔው። ሳይመረምሩ «የእኛ ላቦራቶሪ ንጹሕ ነው» ማለት ልበ ሙሉነት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሦስተኛው አያያዝ ነው። ከአይጥ መቅኔ የሚያድጉ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ተሰባስበው ሳለ ስብስባቸው በፒፔት ሲበተን፣ ያ መበተን ብቻ ብስለትን ይጀምርባቸዋል። ማንም ባክቴሪያ አልጨመረም፤ እጅ ነው የከበደው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ሙከራ ምንም ምልክት ያልተጨመረበት ሳህን ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ መለካትም አለበት። እዚያ ሳህን ላይ ሲዲ83 ከፍ ብሎ ከታየ በሌላው ሳህን ላይ የተገኘው ውጤት ምንም ያህል ቢያምር አይታመንም።

ኢንኩቤተሩ በመመሪያው መሠረት 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ተደርጓል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ፈሳሹ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ለምን?

መመሪያው የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ሰው ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የማሳደጊያ ፈሳሹን አሲድነት የሚጠብቀው የባይካርቦኔትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሚዛን ነው፤ ይህን ሚዛን የሚወስነው በመቶኛ የተነበበው ቁጥር ሳይሆን የጋዙ ግፊት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ 5 በመቶ ማለት ባሕር ጠለል ላይ 3.8 በመቶ ያህል ቢሆን እንደ ማለት ነው። ጋዙ ሲያንስ ፈሳሹ ወደ አልካሊ ያዘነብላል፣ ውስጡ ያለው ፌኖል ሬድ የተባለ ቀለምም ከቀይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቅንብሩን ወደ 6.5 በመቶ አካባቢ ከፍ ማድረግ፣ ፈሳሹን ሌሊቱን ማሳደር፣ ጠዋት ፒኤች መለካት። ከ7.2 እስከ 7.4 ከሆነ ተሳክቷል። የፈሳሹ ዓይነትም ይወስናል፤ አርፒኤምአይ 1640 በሊትር 2 ግራም ባይካርቦኔት ሲይዝ ዲኤምኢኤም 3.7 ግራም ይይዛል፣ ስለዚህ ሁለቱ ለአንድ ቅንብር እኩል አይመልሱም። ጎንደርም ሆነ ናይሮቢ ወይም ቦጎታ ያለ ባለሙያ ለከተማው ከፍታ የራሱን ቁጥር ማውጣት አለበት። የሚገርመው ግን ይህን ያልሰማ ሰው ችግሩን ለዓመታት በሴረሙ ሲያመካኝ መኖሩ ነው።

የጥጃ ሴረም መጨመር የግድ ነው?

ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ይጨመራል፤ ከላም ፅንስ ደም የሚገኝ፣ የእድገት ፕሮቲኖችና ሆርሞኖች የሞሉበት ፈሳሽ ነው። ችግሩ ውስጡ በትክክል ምን እንዳለ አለመታወቁና ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው መለያየቱ ነው። ልምድ ያለው ላቦራቶሪ የጥቂት ምርቶችን ናሙና አስመጥቶ ይፈትናል፣ የተስማማውን በብዛት ገዝቶ ያቆያል። ለሕክምና ለሚውል ሕዋስ ሴረም የሌለበት ፈሳሽ ወይም የሰው ሴረም ይመረጣል።

ቲ ሴልንስ ከመነሻው ጀምሮ በሳህን ማብሰል ይቻላል?

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በደም ውስጥ ያለውን፣ ደረት ውስጥ ባለው በታይመስ ዕጢ ተምሮ የወጣውን ቲ ሴል ማባዛት ከተጀመረ ቆይቷል። በ1976 በአሜሪካ የሮበርት ጋሎ ቡድን ቲ ሴሎችን ለረጅም ጊዜ የሚያሳድግ ፕሮቲን አሳወቀ፤ ዛሬ ኢንተርሊውኪን-2 የሚባለው ነው። ይህ ባይገኝ ኖሮ በ1983 የፓሪሱ ፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች ኤችአይቪን ከአንድ ሕመምተኛ የሊምፍ ዕጢ ሕዋሳት ለይተው ማውጣት ይቸግራቸው ነበር፤ ቫይረሱ እንዲባዛ ሕያው ቲ ሴል ያስፈልጋልና። ዛሬ ሲዲ3 እና ሲዲ28ን የሚቀሰቅሱ ቅንጣቶች ከኢንተርሊውኪን-2 ጋር ሲሰጡ ቲ ሴሎች በሁለት ሳምንት ውስጥ በብዙ እጥፍ ይባዛሉ።

ገና ማንነቱን ያልያዘውን ግንደ ሕዋስ ከዜሮ ተነስቶ ቲ ሴል ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ታይመስ ዕጢ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ፈታኝም ነው። ከሚገቡት ወጣት ሕዋሳት ውስጥ እጅግ የሚበዙት ፈተናውን ወድቀው እዚያው ይሞታሉ፤ አንዳንዱ ምንም የማይለይ ስለሆነ፣ አንዳንዱ የራስን አካል የሚያጠቃ ስለሆነ። በ2002 የቶሮንቶዎቹ ቶማስ ሽሚትና ሁዋን ካርሎስ ሱኒጋ-ፍሉከር ዴልታ-ላይክ 1 የተባለውን ፕሮቲን በአጋዥ ሕዋሳት ላይ አውጥተው ግንደ ሕዋሳትን በሳህን ወደ ቲ ሴል መንገድ መሩ። ኖች የተባለው የምልክት መስመር ቁልፍ መሆኑ በዚህ በተግባር ታየ። ፈተናውን ግን ሳህን እንደ ዕጢው አይፈትንም፤ ምርጫው ያልተሟላ ቲ ሴል ወደ ሰው ሊገባ ነው ሲባል ጥንቃቄው የሚበዛው ለዚህ ነው።

የካንሰር ሕዋስ መስመር ተጠቅሞ ከዚህ ሁሉ ድካም መዳን አይቻልም?

በከፊል። ቲኤችፒ-1 የሚባለው መስመር በ1980 በጃፓን ከአንድ የደም ካንሰር ከነበረበት ሕፃን ደም የተገኘ ነው፤ በፒኤምኤ ኬሚካል ሲነካ መባዛቱን ያቆምና ማክሮፌጅ መሰል ይሆናል። ሁልጊዜ ይገኛል፣ ለጋሽ አያስፈልገውም፣ ውጤቱ ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰላል። ለመጀመሪያ ማጣሪያ መልካም ነው። ሆኖም የካንሰር ሕዋስ ነው፤ ለኤልፒኤስ የሚሰጠው ምላሽ ከእውነተኛው ሞኖሳይት ይለያል። ሰውና ሰው ደግሞ አይመሳሰልም። ያ ልዩነት ራሱ የሚጠናው ጉዳይ ከሆነ ከአንድ ሕፃን የመጣ መስመር ምን ይነግረናል?

ይህን ሥራ ማን ጀመረው?

አንድ ሰው አይደለም። በእስራኤል ቫይዝማን ተቋም ሊዮ ሳክስና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደም ሕዋሳት በሳህን እንዲያድጉና እንዲበስሉ አደረጉ፤ በ1965 ከዶቭ ፕሉዝኒክ ጋር ያሳተሙት ሥራ ነጠላ ሕዋሳት አጋር በተባለ ለስላሳ ጄል ውስጥ ክምችት ሲፈጥሩ አሳየ። በአውስትራሊያ ሬይ ብራድሊና ዶናልድ ሜትካፍ በተናጠል ተመሳሳይ ነገር አግኝተው በ1966 አሳተሙ። ሁለቱም ቡድኖች ያስተዋሉት አንድ ነገር ነበር። ሕዋሳቱ የሚያድጉት ሌሎች ሕዋሳት አጠገባቸው ሲኖሩ ወይም የእነዚያ ሕዋሳት ፈሳሽ ሲጨመርላቸው ብቻ ነው። እነዚያ ሕዋሳት የሚያመነጩትን ነገር አጥርቶ ለማውጣት ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ፤ ሲኤስኤፍ የሚባሉት ፕሮቲኖች እነሱ ናቸው። ከቤተሰቡ አንዱ ጂ-ሲኤስኤፍ በ1991 በአሜሪካ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ። ዛሬ የካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋሱን ያሟጠጠበት ሕመምተኛ የሚወጋው ፊልግራስቲም ይኸው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ኬሞቴራፒ የወሰደ ቤተሰብ ያለው ሰው ስሙን ያውቀው ይሆናል።

ዴንድሪቲክ ሕዋስን ያገኘው ራልፍ ስታይንማን ነው። በ1973 ከዛንቪል ኮን ጋር በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በአይጥ ጣፊያ ውስጥ አይቶ ገለጸው፤ ብዙ ባልደረቦቹ ለዓመታት ቁብ አልሰጡትም።

ለሕክምና ውሏል?

አዎ፣ ግን ከተስፋው ያነሰ ነው። በ2010 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲፑሉሴል-ቲ የተባለውን ለፕሮስቴት ካንሰር ፈቀደ። የሕመምተኛው የራሱ ነጭ ሕዋሳት ተወስደው ከካንሰሩ ፕሮቲንና ከጂኤም-ሲኤስኤፍ ጋር ለሁለት ቀን ያህል በሳህን ይቆዩና ተመልሰው ይሰጡታል። በዋናው ሙከራ የተገኘው የዕድሜ ጭማሪ በመካከለኛ ልኬት አራት ወር ገደማ ነበር፤ ዋጋው ደግሞ እጅግ ውድ ነው። በ2017 የተፈቀደው ካር-ቲ ሕክምና በአንዳንድ የደም ካንሰሮች ላይ ከዚህ የበለጠ ውጤት አሳይቷል። እሱም የሚጀምረው ከሕመምተኛው ደም ነው፤ ቲ ሴሎቹ በሳህን ይቀሰቀሳሉ፣ ካንሰሩን የሚለይ አዲስ ጂን ይገባባቸዋል፣ ተባዝተው ይመለሳሉ።

የብስለት ጉዳይ እዚህ ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ያልበሰለ ዴንድሪቲክ ሕዋስ ለቲ ሴል የሚያስተላልፈው መልእክት «ተዋጋ» ሳይሆን «ተወው» ነው። ካንሰርን እንዲያስጠቃ የተላከ ሕዋስ ሳይበስል ቢገባ መከላከያውን ሊያስተኛው ይችላል ማለት ነው። በተቃራኒው፣ ሰውነት የራሱን አካል በሚያጠቃባቸው በሽታዎች ላይ ይህንኑ የማስተኛት ባሕርይ ለመጠቀም የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሉ።

ስታይንማን ራሱ የቆሽት ካንሰር ታምሞ ነበር፤ ከሌሎች ሕክምናዎች ጎን ለጎን ከራሱ ሕዋሳት የተሠራ የዴንድሪቲክ ሕዋስ ክትባት ተሰጠው። ለሥራው የ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ መሆኑ ሲታወጅ ካረፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ሸላሚው ኮሚቴ መሞቱን ሳያውቅ ስለወሰነ ሽልማቱ ጸንቶለታል።

ይህን ሥራ ከኢትዮጵያ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሳንባ ነቀርሳና ሥጋ ደዌ ያገናኙታል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚኖረው ሊገድለው በተገባው ማክሮፌጅ ውስጥ ነው። ማክሮፌጁ ይውጠዋል፤ ባክቴሪያው ግን የታሰረበት ከረጢት ከአሲድና ከኢንዛይም ከረጢት ጋር እንዳይዋሃድ ይከለክላል፣ እዚያው ይሰነብታል። ይህን ትግል ከሰው ሳንባ ውስጥ ቆሞ ማየት ስለማይቻል ከደም የተገኘ ሞኖሳይት በሳህን ማክሮፌጅ ይደረግና ባክቴሪያው ይሰጠዋል።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነገር ደግሞ ይብሳል። ኖርዌጂያዊው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 ቢያገኘውም እስከ ዛሬ በሰው ሠራሽ ማሳደጊያ ማንም ሊያሳድገው አልቻለም። ጀርሙ በሳህን አልኖር ሲል የሕመምተኛው ሕዋሳት ይጠየቃሉ። በስሙ የተሰየመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 አዲስ አበባ ላይ ከአለርት ሆስፒታል ጎን ሲቋቋም የሕመምተኞች ሊምፎሳይቶች ለዚህ ባክቴሪያ የሚሰጡት ምላሽ ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶቹ አንዱ ነበር።

አንድ ተክል «በላቦራቶሪ የመከላከያ ሕዋሳትን አነቃቅቷል» ከተባለ ቢጠጡት ይጠቅማል ማለት ነው?

አይደለም። ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል ወይም ሌላ ባህላዊ መድኃኒት ተጨምቆ ሳህን ውስጥ ሲጨመር ሞኖሳይቶች ነቁ የሚል ዜና ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጭማቂው ኢንዶቶክሲን አለበት ወይ የሚለው ነው። ተክል አፈር የነካው ነገር ነው፤ በላዩ ባክቴሪያ አይጠፋም፤ ሲፈላም ኤልፒኤሱ አብሮት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱን ያነቃው ተክሉ ይሁን ባክቴሪያው እንዴት ይለያል? ፖሊሚክሲን ቢ የተባለ ኤልፒኤስን የሚይዝ መድኃኒት ጨምሮ መድገም አንዱ መንገድ ነው፤ ማነቃቃቱ ከጠፋ ተክሉ አልነበረም ማለት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መጠን ነው። ሳህን ላይ ሕዋሱ በቀጥታ በጭማቂው ይነከራል፤ የተጠጣ ነገር ግን ጨጓራንና ጉበትን አልፎ ደም ውስጥ የሚደርሰው ምን ያህሉ ነው? ተክሎቻችን ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥናት ሲቀርብ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ገና አልተጠኑም ማለቴ ነው።

ለአንድ ሙከራ ምን ያህል ደም ይበቃል?

ከአንድ ሚሊሊትር ደም አንድ ሚሊዮን ገደማ ነጭ ሕዋስ በፊኮል ይገኛል፤ ከዚያ ውስጥ ሞኖሳይቱ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ነው። ቲ ሴል ይባዛል፤ ሞኖሳይት ግን በዚህ ዘዴ ወደ ዴንድሪቲክ ሕዋስ ሲለወጥ አይባዛም። በሰባተኛው ቀን የሚሰበሰበው በመጀመሪያው ቀን ከተዘራው ያነሰ ነው፤ ግማሹን ማግኘትም ደህና ምርት ነው። ስለዚህ ሃምሳ ሚሊሊትር ደም ወስዶ ሃምሳ ሚሊዮን ዴንድሪቲክ ሕዋስ የሚጠብቅ ዕቅድ ለጋሹ ክንድ ላይ መርፌ ከመግባቱ በፊት እንደገና መታረም አለበት።